በእስክሪብቶ የጻፍኳቸው ሁለት ቁጥሮች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ይህ ደብተር ውኃ የነካው የላቦራቶሪ መዝገብ ነበር። ዶክተሯ «ወይ ጣይው ወይ ውሰጂው» አለችኝና ወሰድኩት። እርሳሱም የላቦራቶሪው ነው። እሱን ግን ውሰጂ ያለኝ የለም። ከሥራ ስወጣ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ጠዋት መልሼ ቦታው አስቀምጠዋለሁ።

ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቁሜያለሁ። እዚህ የገባሁት ለጽዳት ነው። ወለል እወለውላለሁ፣ ብልቃጥ አጥባለሁ። አንድ ቀን ዶክተሯ ብልቃጥ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አይታ «ይህ የማን ጽሑፍ ነው?» አለች። የተቆጣች መስሎኝ ዝም አልኩ። ስታጣራ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለምርመራ ከበሽተኛ የተወሰደው ሥጋ በሚለጠፍባቸው ስስ መስታወቶች ጫፍ ላይ ቁጥር የምጽፈው እኔ ነኝ። እስከዛሬ ሰው ያምራል ያለልኝ ነገር ጽሑፌ ብቻ ነው።

ሥጋውን ሰም ውስጥ ከትቶ እንደ ወረቀት የሚያሳሳው ሰው በሁሉም ዘንድ «ምላጩ» ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሬዲዮ ይለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ስለማይወጣኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት «ዝም በሉ፣ ዜና ሊጀምር ነው!» ይላል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

መጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። «እዚህ ክፍል እስክሪብቶ ለፊርማ ብቻ ነው። መስታወቱ አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። እርሳስ ግን የትም አይሄድም። ገባሽ?» ራሴን ነቀነቅኩ።

እማዬ ሐሙስ እዚሁ ሆስፒታል ትገባለች። ከቀኝ ጡቷ እብጠት ሊያወጡላት ነው። ለላቦራቶሪው ሰዎች አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ዶክተሯ ዛሬ ለተለማማጆች ስታስረዳ ሰማሁ። ብልቃጥ እያጠብኩ ስለነበር ያየኝ የለም።

ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲሰናዳ ብቻ ብቅ የሚል አንድ ፕሮቲን አለ። እኛ የምንጠቀመው ፈሳሽ ያንን ፕሮቲን ይፈልገዋል፤ ካገኘው ቡናማ ያደርገዋል። ካላገኘው ሴሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ዶክተሯ በማይክሮስኮፕ እያየች ከመቶው ስንቱ ቡናማ እንደሆነ ትቆጥራለች። ጥቂት ከሆነ ካንሰሩ ዝግ ያለ ነው። ብዙ ከሆነ ቸኩሏል ማለት ነው። «ይህ የዛሬን አይደለም የሚነግረን፤ የነገን ነው» አለች።

አንዱ ተለማማጅ «እንግዲያው በቁጥሩ ማን እንደምትድን እናውቃለን ማለት ነው?» አላት።

«አናውቅም። ቁጥሩ ስለ መቶ ሴቶች ያውቃል። ስለ አንዷ አያውቅም።»

ለዚሁ ብላ ከብዙ ዓመት በፊት የታከሙ ሴቶችን ሥጋ ከየመሳቢያው እያስወጣች ታስቆጥራለች። መዝገቡን የምገለብጠው እኔ ነኝ። አራት ዓምድ አለው። ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ከመቶ ስንት፣ አሁን። «አሁን» በሚለው ሥር ከሦስት አንዱ ይጻፋል። ደህና። ተመልሷል፤ ካንሰሩ ማለት ነው። የለችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ብልቃጡ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ላዩ ላይ የእማዬ ስም ከነአባቷ አለ። የእኔ የአባቴ ስም ሌላ ስለሆነ ማንም የእኔ ናት ብሎ አይጠረጥርም። 317 ብዬ መዘገብኳት። ከኋላዋ ከዚያው ሐኪም የአንዲት ሌላ ሴት መጣ። 318።

ጋሼ ብልቃጡን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «ትንሽ ናት» አለ። እብጠቷን ማለቱ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9

እማዬ ቤት ገባች። የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ሥራውን ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ ብሏታል። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ በግራ እጇ ካውያ መያዝ ተለማመደች።

«ግራ እጄ ሰነፍ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሲሠራ እያየ ነው የኖረው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «የኔዋ እናንተ ጋ ደረሰች?»

«ደርሳለች።»

«በደንብ ያዙልኝ።»

ወንድሜ፣ ሚኒባስ ነጂው፣ «ምነው፣ እንግዳ ናት እንዴ?» አለ። እማዬ ስትስቅ ስፌቷን በእጇ ደገፈች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ካንሰር ነው። ሐኪሙ ዛሬ ነገራት። የቀረው የፕሮቲኑ ቆጠራ ነው። ጥቂት ከሆነ ክኒን ብቻ። ብዙ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ከባድ መድኃኒት፣ ወራት የሚፈጅ።

እማዬ «ክኒን ከሆነ እየተኮስኩ እውጠዋለሁ» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

እርሳሱን ቤት ረሳሁት። ትራስ ሥር። መሳቢያ ውስጥ አንድ ጉራጅ አገኘሁ። ሠላሳ መስታወት ነበር። ጉራጁ ሃያ ስምንተኛው ላይ አለቀ። ጋሼን እርሳስ ልጠይቀው አስቤ ነበር። የት አደረስሽው ይለኛል። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል።

የቀሩት 317 እና 318 ነበሩ። በእስክሪብቶ ጻፍኳቸው። ጽሑፉ ያምር ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ጠዋት መስታወቶቹ የተሰኩበትን የብረት ቅርጫት ከመጨረሻው ፈሳሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስምንቱ ቁጥራቸው አለ። የሁለቱ ጫፍ ባዶ ነው።

ጋሼ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ቅርጫቱን ሳለቀልቀው አዙሬዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት አልቆጠርኩም።

ሁለቱን ወደ መስኮቱ ይዤ አየኋቸው። አንደኛው ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ሌላኛው ዝገት የተረጨበት ይመስላል፤ ያለ ማይክሮስኮፕም ይታያል።

ዛሬ እርሳሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰማያዊው ላይ 317 ጻፍኩ። ዝገታሙ ላይ 318። የጻፍኩት እንደማስታውሰው ነው። 317 በቀኝ በኩል ነበር። በቀኝ በኩል መሆኑን አስታውሳለሁ።

ጋሼ ሲመለስ «ሬዲዮ፣ ምነው ፊትሽ የታጠበ መስታወት መሰለ?» አለኝ። ሳቅኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ዶክተሯ ስትቆጥር በአውራ ጣቷ የምትጫነው መቁጠሪያ አላት። ቡናማ ሴል ባየች ቁጥር ጠቅ ይላል። ወለል እየወለወልኩ አዳመጥኩ። የመጀመሪያው ጠቅ ይልና ይቆያል። ዝም። ጠቅ። ዝም። የሁለተኛው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር።

«ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣ ስድስት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ አርባ ሁለት» አለች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ዕድሜዋ ስንት ነው የሁለተኛዋ?»

ጋሼ ወረቀቱን አይቶ «ሠላሳ ዘጠኝ» አለ። ቀጥሎ «ምስኪን» አለ።

መዝገቡ ላይ አሰፈርኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ሐኪሙ ለእማዬ ክኒን ብቻ አዘዘላት። ወንድሜ ኬክ ይዞ መጣ። እማዬን አቅፎ ሊያሽከረክራት ሲል «ቀስ! ስፌቴን ልትተረትረው ነው!» ብላ ጮኸችበት።

«ስድስት! ከመቶ ስድስት! እኔ እንኳ በሒሳብ ከዚያ በላይ አግኝቼ አላውቅም» አለ።

«ማነስ የሚያስመሰግንበት ፈተናም አለ ለካ» አለች እማዬ። ወደ እኔ አየች። «አንቺ ምነው አልበላሽም?»

ጥርሴን አመመኝ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 28

መዝገቡን ስገለብጥ በልቤ እቆጥር ነበር። ከመቶ ሠላሳና ከዚያ በላይ የሆኑት ሃያ ሦስት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ በአሥራ አራቱ ፊት «ተመልሷል» ወይም «የለችም» ይላል። አንዷ ግን ሃምሳ አምስት ነበራት፤ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ደህና ይላል። ሌላዋ አራት ብቻ ነበራት፤ የለችም። ዶክተሯ ያለችው እውነት ነው። ቢሆንም አሥራ አራቱ አሥራ አራት ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ አንዷን ተለማማጅ ሲያስተምር ሰማሁ። «መስታወቱ ላይ ያለው ሥጋ ሰሙ ውስጥ ካለው የተወሰደ ቅጂ ነው። ቅርጻቸው አንድ ነው። ከተጠራጠርሽ ጎን ለጎን አድርገሽ አስተያዪ። ሁለት ሴቶች አንድ ቅርጽ የላቸውም።»

ሁሉም ሲወጡ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሰሞቹ ቁጥራቸው እዚያው ማቀፊያቸው ላይ አለ፤ ጋሼ ራሱ ነው የሚጽፈው። የ317 ሥጋ አንድ ወጥ ነው፤ ጠመም ብሎ ጆሮ ይመስላል። የ318 ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ነው።

መስታወቶቹንም አወጣሁ። 317 ብዬ የጻፍኩበት ላይ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ አለ።

መሳቢያውን ዘጋሁት። መብራቱ ጥሩ አልነበረም። አጥርቼ ሳላይ ቀርቼ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬ ልናገር ነበር። ዶክተሯ ስብሰባ ላይ ዋለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

ዛሬ ስብሰባ አልነበራትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ወረቀት እንዳደርስ ወደ ላይኛው ፎቅ ተላክሁ። ከባዱ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፀጉሯን ከሥሩ ተቆርጣለች። ነርሷ ስሟን ስትጠራ አወቅኳት። ስሟን መዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከስሟ ጎን 318።

ተነሥታ ነርሷን አነጋግራ ተመለሰችና ለእኅቷ «ሰኞ ጠዋት ነው የምጀምረው» አለቻት።

«ፀጉርሽን ግን ምነው እስኪጀመር ብትታገሺ።»

«አንቺ ደግሞ! ሃያ ዓመት የሰው ፀጉር ስሠራ ኖሬ የራሴን ከትራስ ላይ እፍኝ እፍኝ ልልቀም? በራሴ መቀስ ቆረጥኩት፣ አለቀ።» ከዚያ እኔን አየችኝ። ቆሜ ቀርቼ ነበር። «ምን ታያለሽ የኔ ቆንጆ? አያምርብኝም?»

«ያምራል» አልኳት።

ደረጃውን ስወርድ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት አይደለም። ሠላሳ ስድስት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

እማዬ ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ሸሚዝ ስትተኩስ ዋለች፤ እጇን ለማላመድ ነው። ግራ እጇ አንገትጌ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። ክኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች። ሳጥኑን መታ መታ አድርጋ «ይቺ የወንድምሽን ያህል አታስቸግረኝም» አለች።

ከሰዓት ተኛች። አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ትተነፍሳለች። ዝም ብል ለእሷ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ በሽታውም የሚያንስ ይመስል። እነዚያ ዝገት የመሰሉት ሴሎች ግን የእኔን ጽሑፍ አያነቡም። እሷ ተኝታም ይቸኩላሉ።

ያቺኛዋ ሴት ነገ ጠዋት ትጀምራለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ይህን በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው። እርሳሱን መልሻለሁ።

በር ሳይከፈት ደርሼ ጠበቅሁ። ሁለቱን ሰምና ሁለቱን መስታወት ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። እንደገባች አየቻቸውና «ምንድን ነው ይሄ?» አለች። ጋሼ ከኋላዋ ገብቶ «ዝም በሉ፣ ዜና ሊ...» ብሎ ፊቴን ሲያይ ቆመ።

«ተቀያይረዋል» አልኩ። «በእስክሪብቶ ጽፌባቸው ጠፋ። መልሼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። 318ን ዛሬ ሊጀምሩላት ነው።»

ዶክተሯ መስታወቶቹን ከሰሞቹ ጎን አድርጋ አንዴ አየች። ስልኩን አነሣች። «መድኃኒቱን እንዳትሰኩ። አዎ፣ እሷን። ምክንያቱን መጥቼ እነግራችኋለሁ።» ስልኩን ስትዘጋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ቅርጻቸውን ካየሁ ከዓርብ ኅዳር 28።»

ከዚያ በፊት ስላለው አልጠየቀችኝም። እኔም አልጨመርኩም።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«317 እናቴ ናት።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ዶክተሯ ሰሞቹንና መስታወቶቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ከዚያ «ሂጂ ብልቃጥሽን እጠቢ» አለችኝ። አጠብኩ። ሃያ ስድስት ብልቃጥ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ጋሼ ሁለቱንም ከሰሙ እንደገና ቆረጣቸው። ቁጥሩን ራሱ ጻፈ። ዶክተሯ ከመቁጠሯ በፊት ቅርጻቸውን ሁለት ጊዜ አስተያየች።

318፣ ስድስት። 317፣ አርባ አንድ።

«ቅርጹን ማየት የኔ ሥራ ነበር። ሳላይ ነው የቆጠርኩት» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለጋሼ አላወቅሁም። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞራ «ከእንግዲህ መስታወት ላይ አትጽፊም» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሐኪሙ ለሁለቱም ነገ ሊነግራቸው ነው። እማዬን እኔ ልንገራት ብዬ ጠየቅሁ። በዚህ ሳምንት ብዙ ተናገርኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ለእማዬ እየተኮሰች ነገርኳት። ካውያውን ማቆሚያው ላይ አስቀመጠች። ሸሚዙን አጠፈችው፤ ገና አላለቀም ነበር።

«ታዲያ የኔን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሴት ተሸክማልኝ ነበር በይኛ።»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ ሁለቱንም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። «ቁጥሬ ስንት ነው?» አለች።

«አርባ አንድ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

«ከግማሽ በታች ነው እኮ» አለች። ሠላሳ ካለፈ ብዙ መሆኑን አላስረዳኋትም። ትንሽ ቆይታ «ለኔ ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«እርሳስ ስላልነበረኝ ነው» አልኳት። ይህም እውነት ነው። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ሸሚዙን እንደገና ዘረጋችው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ወንድሜ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ዛሬ ጫማውን እያሰረ «ያንን ኬክ የበላሁት ለማላውቃት ሴት ነው ማለት ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «እንኳን ጠገብኩ» ብሎ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ላቦራቶሪው ወረደች። በሩ ላይ ቆማ «ቁጥር የምትጽፈው የቷ ናት?» አለች። ጋሼ ጣራውን አየ። መወልወያውን እንደያዝኩ ወደ እሷ ሄድኩ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ያምራል ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

እጇን ወደ ራሷ አነሣች። «ፀጉሬ የፀጉር ቤቴ ታፔላ ነበር። ሴቶቹ እንደ ራስሽ አድርጊልን ነበር የሚሉኝ። አሁን ገብተው ሲያዩኝ ለመቀመጥ ይፈራሉ። እሱስ ይበቅላል። ልጄን ለማን ትቼ ነው እያልኩ ያደርኩትን የሚመልስልኝ ማን ነው?»

ይቅርታ አልኩ። እንዳልሰማች ሁሉ ወጥታ ስታበቃ ከኮሪደሩ ተመለሰች።

«እናትሽስ? ሌላዋ እናትሽ ናት ብለውኛል።»

«የዛሬ ሳምንት ትጀምራለች።»

«ፀጉሯ ረጅም ነው?»

«እስከ ትከሻዋ።»

«መርገፍ ሳይጀምር ወደ እኔ ትምጣ። አንቺ ግን ውጭ ትቆሚያለሽ።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ቅዳሜ ውጭ ቆምኩ። በመስኮቱ ፀጉር ሠሪዋ እማዬን ስትቆርጣት አየሁ። አንድ ነገር ተባብለው ሁለቱም ሳቁ። አልተሰማኝም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ የመጀመሪያውን መድኃኒት ወሰደች። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ወንድሜ ሚኒባሱን አቁሞ አብሯት ተቀመጠ። እኔ ታች ወለል ወለወልኩ።

ዶክተሯ ዘንድሮ የታከሙትን ሴቶች የምትከታተልበት አዲስ መዝገብ ከፍታለች። ጋሼ ሲሞላው «ይህ ስድስት ነው ወይስ ዜሮ?» እያለች ስትጮህበት ዋለች። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። እርሳሱን በገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሮታል። «ከበሩ አያልፍም፣ ለክቼዋለሁ» አለኝ። ዶክተሯ ቀና ብላ አየችን። መዝገቡ ብቻ መሆኑን፣ መስታወት እንዳልሆነ አስታወሰችን።

ጻፍኩ። 317። አርባ ስድስት ዓመት። ከመቶ አርባ አንድ። «አሁን» የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ዶክተሯን ጠየቅኋት። «ባዶ ተዪው። በየዓመቱ ነው የምንሞላው» አለች። ባዶ ተውኩት።

ይህ ደብተር ግን የኔ ነው፤ እስክሪብቶውም የኔ ነው። አሁን እማዬ አቅለሽልሿታል፤ ተኚ ብንላትም እምቢ ብላለች። ባልዲ አጠገቧ አድርጋ፣ ቆማ፣ በግራ እጇ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አንገትጌው ላይ ደርሳለች። አልሳተችውም።